ክርስቲያን ሆኖ የሕዝብ ኃላፊነት መያዝ፦ ከወንበሩ ላይ የተማርኩት

ይህን የምጽፈው የመንግሥት ኃላፊነት ሊቀበሉ ላመነቱ፣ ወይም ተቀብለው እንቅልፍ ላጡ ክርስቲያን ወንድሞቼና እህቶቼ ነው። እኔ ፈቃድ በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከተራ ባለሙያነት እስከ ኃላፊነት ሠርቻለሁ። ኋላም ተመርጬ ምክር ቤት ገብቻለሁ። የሥነ መለኮት ምሁር አይደለሁም። የማወራው ፋይል ፊቴ ተዘርግቶ፣ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለተማርኩት ነገር ነው።

ስትሾሙ ሁለት ዓይነት መካሪ ይመጣል። አንዱ "ፖለቲካ ንጹሕ ሰው አይወድም፣ ይልቅ ነፍስህን አትርፍ" ይላል። ሌላው ደግሞ "እሰይ! እግዚአብሔር ለዚህ ቀን አስቀመጠህ፣ እኛም ሰው አገኘን" ይላል። የመጀመሪያውን ምክር ሰምተው ወንበሩን ምንም ለማይጨንቀው ሰው የለቀቁ ብዙ ናቸው። የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ውሎ ሲያድር "ተራ አንጠብቅም፣ ጨረታው ለእኛ፣ ቅጥሩም ለእኛ" ሆኖ ይመጣል።

ለመጀመሪያው መካሪ መልስ አለኝ። እንግሊዛዊው የፓርላማ አባል ዊሊያም ዊልበርፎርስ እ.ኤ.አ. በ1785 ልቡ ወደ እምነት ሲመለስ፣ ፖለቲካውን ልተወው ወይ ብሎ ክፉኛ ተጨንቆ ነበር። ምክር ሊጠይቅ የሄደው ቀድሞ የባሪያ መርከብ አዛዥ ወደነበረው፣ በኋላ ግን ቄስ ወደሆነው ጆን ኒውተን ነው። ኒውተን ባለህበት ቆይ አለው። ቆየ። የባሪያ ንግድን የሚከለክለው ሕግ በ1807 እስኪጸድቅ ድረስ በዚያው ምክር ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ተሸንፎ ስንት ጊዜ ተነሣ። ሰውየው ያኔ ለቆ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይጨንቀኛል።

ለእኔ ነገሩ የጠራልኝ አንድ ነገር ስለይ ነው። እምነቴ መጀመሪያ የሚገዛው እኔን ነው። እንዳልዋሽ፣ እንዳልሰርቅ፣ እንዳላዳላ፣ ደካማውን እንዳልገፋ ያዘኛል። ወንበሩ ግን የእኔ አይደለም። የማያምነውም፣ በሌላ መንገድ የሚያምነውም ግብር የከፈለበት የሁሉም ወንበር ነው። ስለዚህ እምነቴን ቢሮ በር ላይ ጥዬው አልገባም፤ ባለጉዳዩ ላይም አልጭነውም። ቀራጮችና ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስ ጋ መጥተው "ምን እናድርግ?" ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ፣ ወታደሮቹን በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያላቸው። ሉቃስ ምዕራፍ 3 ላይ አለ። የመጀመሪያው ፈተና እጅ ላይ እንዳለ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ የለም።

ይህን መርህ ማንም ሰምቶ አሜን ይላል። ችግሩ የሚጀምረው የሚወዷችሁ ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ ነው።

አንድ ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ አባት ቢሮዬ መጡ። እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልኝ ነው ያደግኩት። ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ፋይሉን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አደረጉት፤ ለሁለት ታጥፎ ጠርዙ ተበልቷል።

"ልጄ፣ ይቺን ነገር ጨርስልኝ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ተራ ጠብቁ አለችኝ።"

"አባቴ፣ ተራዎ አልደረሰም?"

"አንተ እዚህ እያለህ ምን ተራ አለ?"

ፋይሉን ከፈትኩት። ፎቶ ኮፒው ላይ ማህተሙ አይነበብም፣ አንድ ቅጽም ጎድሏል። የጎደለውን በወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው፣ ከየት እንደሚያገኙትም ነገርኳቸው። ከዚያ አብሬያቸው ወጥቼ እስከ መስኮቱ ሸኘኋቸው። መተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጠዋት ስገባም እዚያው ነበረች። እኚህ አባት ወደ እኔ ዞረው "ታዲያ አንተ እዚህ መሆንህ ለእኛ ምን ጠቀመን?" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ቅሬታ ነው የነበረው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ያማል።

ያኔ የመለስኩላቸው "አባቴ፣ እርስዎም ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ፣ የማያውቅዎት ሰው ተራዎን እንዲያከብርልዎ ነው የምሠራው" ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ሰላምታቸው ቀዝቅዞብኝ ከረመ። ግን አስቡት። እሳቸውን ያስቀደምኩበት እያንዳንዱ ደቂቃ የሚወሰደው ከዚያች ሴት ላይ ነው። እሷን የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ የለም። ዘሌዋውያን 19 ለድሃ አታድላ፣ ባለጠጋውንም አታክብር፣ በጽድቅ ፍረድ ሲል እንዲህ ያለውን ነገር ነው የሚለው። ዘመዱንና የቤተ ክርስቲያን ወንድሙን ማስቀደም ፍቅር የሚመስለው፣ የሚጎዳው ሰው ፊት ለፊት ስለማይታይ ነው።

ከዚህ የተነሣ የምመክረው፣ ነገሩ ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩ። እኔ ሹመቱን እንደተቀበልኩ ከመጋቢያችንና ከሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋገርኩ። ስለ ሹመቴ መድረክ ላይ እንዳይነገር ለመንኳቸው። በማንም ስም የድጋፍ ደብዳቤ እንዳይጻፍልኝም ጠየቅኩ። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ በእኛ መሥሪያ ቤት የሚታይ ጉዳይ ካላት ደግሞ እኔ እንደማልነካው፣ ይህንንም ለአለቃዬ በጽሑፍ እንደማሳውቅ ነገርኳቸው። አሳወቅኩም። "በዚህ ጉዳይ የጥቅም ግጭት ስላለብኝ ለሌላ ኃላፊ ይመራልኝ" የምትል አንድ መስመር ናት። ይህቺ መስመር ስንት ጭቅጭቅ እንዳስቀረችልኝ!

አሁን ደግሞ ብዙዎች ወደሚከብዳቸው ልምጣ። አንድ ጊዜ የሌላ እምነት ተከታዮች የማምለኪያ ቦታ ለመሥራት ያቀረቡት ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ፋይሉ ሙሉ ነው። ፕላኑ፣ የይዞታ ማረጋገጫው፣ የባለሙያው አስተያየት፣ ምንም አልጎደለም። አልፈርምም አላልኩም፣ አላዘገየሁትም፣ ፈረምኩ። ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ከወንድሞች አንዱ ደውሎ "በዚያ እጅህ? ቢያንስ መዝገብ ቤት እንዲቆይ ማድረግ ያቅትሃል?" አለኝ።

አያቅተኝም። ኃላፊ የሆነ ሰው ፋይል ማዘግየት ከፈለገ መቶ መንገድ አለው። "ቀጠሮ ይያዝ"፣ "ባለሙያው ድጋሚ ይየው"፣ "መመሪያ እስኪመጣ"። ይህ ሁሉ ግን ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ለእግዚአብሔር ብዬ ስለዋሸሁት እውነት አይሆንም። ፊርማዬ የሚናገረው አመልካቹ ሕጉ የጠየቀውን አሟልቷል የሚለውን ብቻ ነው። እምነታቸው እምነቴ ነው አይልም። እነሱም ቢሆኑ የኔን አሜን ፈልገው አልመጡም፣ መብታቸውን ፈልገው ነው። ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን እናንተም አድርጉላቸው የሚለው የጌታ ቃል ቢሮ ሰዓት ላይ አይታገድም። ነገ ወንበሩ ላይ የእነሱ ሰው ሲቀመጥ፣ የእኛ ፋይል እንዴት እንዲታይ ነው የምንፈልገው?

ስለዚህ ጥያቄውን ለይቼ ማየት ለመድኩ። እኔ ራሴ ክፉ እንዳደርግ ነው የተጠየቅኩት? ወይስ እኔ የማልመርጠውን ሌላው ሰው በሕግ በተሰጠው ነፃነት እንዲያደርግ? አብዛኛው የሚያስጨንቀን ነገር ሁለተኛው ዓይነት ነው። እሱን ስንታገል ጉልበታችን ያልቅና የመጀመሪያው ሲመጣ ዝም ብለን እንፈርማለን። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በሰው አኗኗር ጉዳይ ድምፁ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ሰው፣ የውሸት ሰነድ ሲቀርብለት ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

የውሸት ሰነድ እኔም ቀርቦልኛል። የግዥ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ቀኑ ወደ ኋላ ተደርጎ መጣልኝ። ከሥር የሌሎቹ ፊርማ ተደርድሯል፣ የኔ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። "ሁሉም ፈርሟል፣ ያንተ ብቻ ነው የቀረው፤ ኦዲተር ሳይመጣ ቶሎ በል" ተባልኩ። ገንዘብ የበላ ሰው አልነበረም፣ ዕቃውም በትክክል ገብቷል። ሥራ ሲጣደፍ የታለፈ ሥርዓትን በኋላ ማስተካከል ነው የተፈለገው። ለዚህም ነው ፈተናው የከበደው።

"አለቃ፣ በዚህ ቀን አልተሰበሰብንም፣ ስለዚህ ይህን አልፈርምም" አልኩ። "ግን ዛሬ እንሰብሰብ። የሆነውን እንዳለ እንጻፍ፣ ለምን እንደዘገየ ምክንያቱን እናስቀምጥ፣ የዛሬን ቀን እናድርግበት። ቃለ ጉባኤውን እኔ እይዛለሁ፣ እስከ ማታም እቆያለሁ።"

ቁጣው ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ግን እንዳልኩት ተሰብስበን ጻፍን። ኮሚቴው እንደገና ሲዋቀር እኔ አልተካተትኩም። የሆነው ይኸው ነው፤ ዋጋ አለው፣ አልደብቃችሁም።

እዚህ ላይ የዳንኤልን መጽሐፍ በደንብ እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ሁላችንም የምናስታውሰው የአንበሳውን ጉድጓድ ነው። ምዕራፍ 1 ላይ ግን ዳንኤል የንጉሡን መብል አልበላም ብሎ በልቡ ከወሰነ በኋላ ሄዶ አልጮኸም። የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። ሰውየው ለራሱ አንገት እንደሚፈራ ሲነግረው ጭንቀቱን ሰማ። ከዚያ በላያቸው ወዳለው ጠባቂ ሄዶ ለአሥር ቀን ሞክረን አለው። እምቢታው ከአማራጭ ጋር ነው የመጣው። አለቆቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጠላቶቻችሁ አይደሉም፣ የተጨነቁ ሰዎች ናቸው። ባዶ እምቢታ ይዛችሁ ስትገቡ ያስፈራችኋቸዋል፤ መውጫ መንገድ ይዛችሁ ስትገቡ ግን ብዙዎቹ ይሰሟችኋል። ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ ጠላቶቹ የመንግሥት ሥራውን መርምረው ምንም ስሕተት እንዳጡበት ይናገራል። ሥራው የተዝረከረከ ክርስቲያን ስለ ሕሊናው ሲናገር ማን ይሰማዋል? ቢሮ አርፍዳችሁ እየገባችሁ ስለ ጽድቅ አታውሩ።

ምክር ቤት ስገባ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። እዚህ ሕግ ተቀባይ ብቻ አይደላችሁም፣ ሕግ አውጪም ናችሁ። የመረጠኝ ሰው እምነቴን እያወቀ ነው የመረጠኝ፣ ስለዚህ ድምፅ ስሰጥ እምነቴን አልረሳም። ግን እንዴት ነው የምናገረው? የስፖርት ውርርድ ቤቶች ጉዳይ ለውይይት ሲቀርብ አንዳንድ ወንድሞች ጥቅስ ጠቅሼ እንድናገር ጠበቁ። እኔ ግን ጥናት ይዤ ለመግባት መረጥኩ። ደመወዝ የተቀበሉ ቀን የሚያስይዙ አባቶችን ሚስቶች አነጋገርኩ። ከትምህርት ቤት አጠገብ ያሉትን ቤቶች በእግሬ ዞሬ አየሁ፤ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ወረቀት ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። ያየሁትን ተናገርኩ። በሌላ እምነት ያለ የምክር ቤት አባልም፣ ምንም የማያምንም፣ ያንን ሊመዝነው ይችላል። ዊልበርፎርስም እ.ኤ.አ. በ1789 ግንቦት ወር ፓርላማ ውስጥ ለሰዓታት ሲናገር ያቀረበው መረጃ ነበር፤ መርከቦቹ ውስጥ ስንቱ ሰው እንደሚያልቅ፣ መርከበኞቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚሞቱ። የገፋፋው እምነቱ ነው፣ የተናገረው ግን ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ነው።

ሙሉ በሙሉ ይከልከል የሚለው ሐሳቤ ወደቀ። ከትምህርት ቤት ራቅ ይበል፣ ዕድሜ ይጣራ የሚለው ቀረበ። ታዲያ ለግማሹ ድምፅ ብሰጥ ውርርድን እንደፈቀድኩ ይቆጠራል? እዚህ ላይ የረዳኝ የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ሕይወት ክቡርነት የጻፉት መልእክት ነው። እሳቸው የተናገሩት ከዚህ እጅግ ስለሚከብድ ጉዳይ፣ ስለ ፅንስ ማስወረድ ሕግ ነው። አንድ ሕግ አውጪ ክፉውን ሕግ ማስቀረት ካልቻለ፣ የራሱ አቋም በግልጽ የታወቀ ሆኖ፣ ጉዳቱን የሚቀንሰውን ሐሳብ ሊደግፍ ይችላል ይላሉ። ካቶሊክ አይደለሁም፣ ግን ልክ ናቸው። ተነሥቼ አቋሜን አስመዘገብኩና ለሚቀንሰው እጄን አወጣሁ።

ደግሞ ርኅራኄ አለ፣ ስለሱ ብዙ አይወራም። መመሪያው በሚፈቅድላችሁ ልክ ለሰው ማዘን ትችላላችሁ፣ አለባችሁም። አቅመ ደካማ አሮጊት ቅጽ መሙላት ካቃታቸው ሠራተኛ መድቡላቸው። ግን ያንን ለእሳቸው ብቻ አታድርጉት። እንደ እሳቸው ላለ ሁሉ እንዲሠራ አድርጋችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። በጨለማ የተደረገ ደግነት ነገ የሌላው ሰው መንገድ ይሆናል።

በጭራሽ የማይታለፍ ነገር ሲመጣስ? ይመጣል፣ ለሁሉም ባይሆን ለአንዳንዶች። የቤልጅየሙ ንጉሥ ቦዱዋን እ.ኤ.አ. በ1990 ፅንስ ማስወረድን የሚፈቅድ ሕግ ለፊርማ ሲቀርብላቸው ሕሊናዬ አይፈቅድም አሉ። ነገር ግን ፓርላማ ያወጣውን ሕግ በእሳቸው እምቢታ ልግደለው አላሉም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን መፍትሔ ፈልጉ አሏቸው። ሚያዝያ 4 ቀን መንግሥት ንጉሡ ለጊዜው መንገሥ አልቻሉም ብሎ አወጀ፣ ሚኒስትሮቹ ፈረሙ፣ በማግስቱ ፓርላማው መለሳቸው። ይህን ማምለጫ ነው ያለ ሰው ብዙ ነበር። እኔ አልስማማም። እጃቸውን በንጽሕና ጠበቁ፣ ሥልጣናቸውን ግን የሌላውን ድምፅ ለማፈን አልተጠቀሙበትም፤ ዙፋናቸውንም አደጋ ላይ ጥለዋል።

ዙፋን የሌለን ግን የአገራችንን ሕግ አስቀድመን ማንበብ አለብን። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ ክርስቲያኖችን ክሶች አብሮ ሲወስን፣ መስቀል እንዳታደርግ የተከለከለችውን የአየር መንገድ ሠራተኛ ደግፏል። የተመሳሳይ ጾታ ጥምረት አልመዘግብም ያለችው የመንግሥት መዝጋቢ ግን አልተሳካላትም። በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 አንዲት የካውንቲ ጸሐፊ ለዚሁ ምክንያት የጋብቻ ፈቃድ መስጠት አቁማ፣ የፍርድ ቤትን ትእዛዝ አልፈጽምም በማለቷ ታሰረች። በማግስቱ ዓመት የግዛቱ ሕግ አውጪዎች የጸሐፊዎቹ ስም ከቅጹ ላይ እንዲወጣ አደረጉ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ መፍትሔው ጠብ ሳይደርስ ቢፈለግ ኖሮ ይገኝ እንደነበር ነው። የሕሊና ችግር የሚገጥማችሁ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ገና ባለጉዳይ ሳይመጣ፣ በጽሑፍ፣ ለአለቃችሁ አመልክቱ። ሌላ ባልደረባ እንዲሠራው ወይም እንድትዛወሩ ጠይቁ። ባለጉዳዩ ግን መስኮት ላይ ተዋርዶ አይመለስ። እሱ የእናንተ ሕሊና ዕዳ የለበትም።

ካልተፈቀደላችሁ መልቀቅ አለ። ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. መስከረም 1960 ሂዩስተን ላይ ለፕሮቴስታንት አገልጋዮች ሲናገሩ፣ ሥልጣኑ ወይ ሕሊናዬን ወይ የአገር ጥቅምን እንድጥስ ካስገደደኝ እለቃለሁ ብለው ነበር። ይህን ለማለት ግን አቅም ይፈልጋል። በግልጽ ልናገር፣ የማውቃቸው ሰዎች እምቢ ማለት ያቃታቸው እምነት ስላነሳቸው ብቻ አይደለም፤ ዕዳ ስላለባቸው ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ አበሉ፣ በኃላፊነት ደመወዝ የተወሰደ ብድር። እኔና ባለቤቴ ከሹመት በፊት በነበረው ደመወዝ ለመኖር ወሰንን፣ ትርፉን አስቀመጥን። ነህምያ 12 ዓመት ገዢ ሆኖ ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም ይላል፣ ምክንያቱም ሕዝቡ ተጎድቶ ነበር። የኛ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፣ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ የምችል ሰው መሆኔን ማወቄ ብቻ ቢሮ ውስጥ አንደበቴን ፈቶልኛል።

ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ፣ ከእናንተ ምንም የማይፈልግ፣ አማኝ የሆነ አንድ ሰው ፈልጉ። የሥራ ምስጢር ሳታወጡ ራሳችሁን ለእሱ አሳዩ። "ይህን የምትለው ሕሊናህ ነው ወይስ ኩራትህ?" ብሎ የሚጠይቅ ይሁን። እኔ እንዲህ ያለ ወንድም አለኝ፣ ከአንድ በላይ ጥድፊያ አስቁሞኛል።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ ደብዳቤው አጭር ይሁን። ርክክቡን በዝርዝር አድርጉ፣ የተጀመሩ ፋይሎችን አንድ በአንድ ጻፉ፣ ባለጉዳይ መሃል ላይ አትተዉ። ምክንያቱን ለዓለም እናውራ ወይ ለሚለው፣ በሰው ላይ የሚፈጸም ግፍ ካለ ለሚመለከተው የምርመራ አካል ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው፣ መልቀቃችሁ አያስቀረውም። ጉዳዩ የራሳችሁ ሕሊና ብቻ ከሆነ ግን መግለጫ አያስፈልገውም። የእንግሊዙ ቻንስለር ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1532 ሥልጣናቸውን ለንጉሡ መልሰው ዝም ብለው ቤታቸው ገቡ። ኋላ ያላመኑበትን መሐላ አልምልም ብለው ታሰሩ፣ በ1535ም ተገደሉ። እናንተ ምናልባት የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር ባለቤታችሁ፣ መጋቢያችሁና ቦታውን የተረከበው ሰው ናቸው። ለተረከበው ሰው በተለይ ጊዜ ስጡት፤ የትኛው ፋይል ላይ ግፊት እንዳለ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት።